ወይራው የነከሰው ሽብልቅ

እንጨቱ እንደገና ምራቁን ተፋ።

ስንጥር ከብረት ምድጃው ፊት ተንበርክካ፣ ጉንጮቿን እንደ ወናፍ ነፍታ፣ በትንሿ የታች በር በኩል እፍ ስትል ቆየች። ከፍልጡ ጫፍ ነጭ አረፋ ኩፍ አለና ሽሽ እያለ አመዱ ላይ ተንጠባጠበ። ነበልባሉ አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ የቤቱን ሰዎች ያየ መሰለና ተመልሶ ገባ። በእሱ ፈንታ የወጣው ወፍራም፣ ቢጫ፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ጭስ ነው። በቧንቧው ወደ ሰማይ መሄዱን ትቶ በምድጃው በር ወደ ክፍሉ ተመለሰ።

ጥግ ካለው አልጋ ታናሽ እህቷ ሚጢጢ ሳለች። ሳሏ የአምስት ዓመት ልጅ ሳል አይመስልም። ከእግር ጥፍሯ ተነሥቶ የሚመጣ፣ አንዴ ከጀመረ ማቆሚያው የሚጠፋው ሳል ነው። እናታቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የትንሿን ጀርባ ታሻለች። ከዚያ ሌላ የምታደርገው አልነበራትም። መስኮቱን ስትከፍተው ብርዱ ይገባል፤ ስትዘጋው ጭሱ ይቀራል። ከጠዋት ጀምራ ስትከፍትና ስትዘጋ ውላለች።

«በቃ ተዪው» አለች በመጨረሻ። «ከብርድ የተረፍነውን ጭሱ ሊጨርሰን ነው።»

ስንጥር ተወችው። ዓይኗን በእጅጌዋ ስትጠርግ እጅጌዋም ጭስ ጭስ ሸተታት።

ስንጥር የመዝገብ ስሟ አይደለም። ያወጣላት አባቷ ነው። ስትወለድ ጀምሮ ከሲታ ናት፤ ገና በጨቅላነቷ ብድግ አድርጎ ቢመዝናት እጁ ላይ ምንም አልከበደችውም አሉ። «ይቺማ ስንጥር ናት፣ እሳት ማስጀመሪያ» አለ። ስሙ ሠፈሩን አዳረሰና ትምህርት ቤት ድረስ ተከትሏት ሄደ። ማንም ስለ ቅጥነቷ ሲቀልድ አባቷ ቆጣ ብሎ፣ ትልቁን ግንድ የምታስነሣው ትንሿ ስንጥር መሆኗን ታውቃላችሁ ወይ እያለ ይከራከርላት ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ የሚከራከርላት አልነበረም።

የሚያንገበግባት ነገር፣ ደረቅ እንጨት እዚያው መሆኑ ነው። ግድግዳው ባይኖር እጇን ዘርግታ ትነካው ነበር። ከቤቱ ጀርባ፣ በቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ በሸራ ተሸፍኖ የተደረደረ የወይራ ፍልጥ። አባቷ የፈለጠው።

አባቷ የዳቦ ቤት ምድጃ አንዳጅ ነበር። ዳቦ ቤቱ ግንድ በመኪና ያስመጣል። ወይራ ደግሞ እንደሌላው እንጨት አይደለም፤ ድንጋይ ነው፣ ውሃ ውስጥ ቢጥሉት ይሰምጣል። ቀጥ ያለው እዚያው ይፈለጥና ይነዳል። ጉጥ የበዛበትን፣ ዕድሜውን ሙሉ ከነፋስ ጋር ሲታገል ኖሮ የተጠማዘዘውን ግን ማንም አይደፍረውም። አባቷ ያንን ለምኖ በጋሪ ወደ ቤት ያመጣዋል። ለእሱ ያ እንጨት ከራሱ ጋር የተጣላ እንጨት ነው፤ የሚያስፈልገው አስታራቂ ነው። በብረት ሽብልቅና በመዶሻ፣ ጉጡን እየዞረ፣ መስመሩን እየፈለገ፣ አንዳንዴም እያናገረው ይፈልጠዋል። ማታ ቤት ሲገባ ቅንድቡ በዱቄት ነጭቶ፣ ትከሻው በቅርፊት ብናኝ ቡናማ ሆኖ ነው። እናታቸው «ግማሽ ዳቦ ግማሽ ዛፍ መጣ» ትላቸው ነበር።

ለእንጨቱ ሕግ ነበረው። ዘንድሮ የተፈለጠ ዘንድሮ አይነድም። ወይራ ሁለት ክረምት ይደርቃል፣ በሦስተኛው ይነዳል። ስለዚህ ከቆርቆሮው ሥር ሦስት መደብ ነበር፤ የዘንድሮው፣ የከርሞው፣ ከዚያ የሚቀጥለው። ሲደረደር ቅርፊቱ ወደ ላይ ይሆናል፤ ለእንጨቱ ጣሪያው ቅርፊቱ ነዋ። ቀኑ ደርሶም ሳይነድ አይቆይም። ለምን እንደሆነ ስንጥር ስትጠይቀው፣ «ሰው ካልሞቀው ነቀዝ ይሞቀዋል» አላት።

አሁን ሁለቱ መደቦች ባዶ ናቸው። የቀረው አንዱ ብቻ ነው፤ የዚህ ክረምት። እሱን ሲፈልጥ ሕመሙ ጀምሮት ነበር። ለማንም አልተናገረም። አንድ ሁለቴ ይመታና መጥረቢያውን ተደግፎ ይቆማል፤ የቤቱ ሰዎችም የሚያርፍ መሰላቸው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሆስፒታል ነው፣ ምርመራ ነው፣ «ወደ ቤት ውሰዱትና አስታሙት» የሚል ሐኪም ነው።

በመጨረሻው በጋ፣ ልብሱ ሰፍቶት በልብሱ ውስጥ የጠፋ ሲመስል፣ አንድ ቀን ተነሥቶ ጓሮ ወጣ። ገና እርጥብ የሆነ ባለ ጉጥ ግንድ ነበር። መስመሩን ሳይፈልግ፣ ጊዜ እንደሚያንሰው ሰው ተጣድፎ፣ ሽብልቁን ጉጡ መሃል ላይ መታው። እርጥብ ወይራ እንዲህ ሲያደርጉት አይፈለጥም፤ ይነክሳል። ብረቱ እስከ ግማሹ ገብቶ ቀረ። ወደፊት አይል፣ ወደኋላ አይል። ስንጥር መዶሻውን ተቀብላ ከጎን ከጎኑ ብትቀጠቅጠው እንኳ አልተነቃነቀም። አባቷ ግንዱ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀና ሳቀ።

«አትጣዪው» አላት። «ሲደርቅ ራሱ ይለቀዋል።»

በጋው ሳያልቅ ሞተ። ግንዱ ጓሮው መሃል፣ ሽብልቁን እንደነከሰ ዝናብ ላይ ቀረ። ብረቱ ዛገ።

የመጀመሪያው ውርጭ የወደቀ ዕለት ስንጥር ሸራውን ልትገልጥ ሄዳ ነበር። እናቷ ከኋላዋ መጥታ የእጇን አንጓ ያዘቻት። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

«አባትሽን ነው የምታነጂው?» አለቻት።

ስንጥር ሸራውን መልሳ አለበሰችው።

ከዚያ በኋላ እናቷ ራሷ ወጥታ በሠፈሩ ከሚዞረው ባለጋሪ እንጨት ገዛች። ባለጋሪው ምላሱ ቅቤ የሆነ ሰው ነው፤ እንጨቱ አጥንት ሆኗል፣ ክብሪት ሲያይ ይነሣል ብሎ ማለ። እያራገፈ ሳለ ስንጥር ሁለት ፍልጥ አንሥታ እርስ በርስ አጋጨቻቸው። አባቷ ያስተማራት ነው። ደረቅ እንጨት ሲጋጭ እንደ ደወል ይጮሃል፤ እርጥቡ ድፍን ይላል። ድፍን አለ። ቀና ስትል እናቷ በሩ ላይ ቆማ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታያለች፤ ከሐዘኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር በራሷ አድርጋ። ፊቷ ላይ ለፈገግታ የምትቀርብ ነገር ነበረች። ስንጥር ፍልጦቹን ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠቻቸው።

ከዚያ ወዲህ የሚበሉትም የሚለብሱትም ጭስ ሆነ። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች መጥታ፣ እርጥብ ከደረቅ ጋር ይነዳል ሲባል አልሰማሽም ወይ፣ ከዚያ ከኋላው ጣል ጣል ብታደርጊበት ምናለ አለቻት እናትየዋን። እናትየው ስለ ቀሚስ ጠየቀቻት። ልብስ ሰፊዋም ነገሩ የገባት ሰው ናትና ስለ ቀሚስ መለሰች።

ትምህርት ቤት ደግሞ ሌላ ነው። ከስንጥር ጎን የምትቀመጠው ልጅ «ሬዲዮ» ትባላለች፤ ከጠዋት እስከ ማታ አትዘጋም። የሳይንስ ፈተና ቀን ሬዲዮ አፍንጫዋን ይዛ፣ ክፍሉ እንዲሰማ አድርጋ፣ «ዛሬ ደግሞ ከየትኛው ጭስ ማውጫ ነው የወረድሽው?» አለቻት። ተሳቀ። ስንጥርም «ሙድ አትያዢብኝ አቦ» ብላ አብራ ሳቀች። ሳቁ ግን መሃል ላይ ተሰበረና ሌላ ድምፅ ሆነ። ሬዲዮ እጇን ከአፍንጫዋ አወረደች። ቆይታ እስክሪብቶዋን በጠረጴዛው ላይ ወደ ስንጥር ገፋችላት፤ ስንጥር እስክሪብቶ እንዳላት እያወቀች።

ፈተናው ላይ እሳት እንዲነድ የሚያስፈልጉትን ሦስት ነገሮች ጻፉ የሚል ጥያቄ መጣ። ስንጥር ጻፈች። ሦስቱንም ታውቃቸዋለች። መምህሩ ሙሉ ነጥብ ይሰጣታል፣ ቤቱ ግን እንደቀዘቀዘ ይጠብቃታል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሚጢጢን ክሊኒክ ወሰዷት። እናትየው ስለፈራች ስንጥርም አብራ ሄደች። ነርሷ የሚጢጢን ደረት አዳምጣ፣ እንደገና ጀርባዋን አዳምጣ፣ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወጣች።

«እናት፣ ቤት ውስጥ ጭስ አለ?»

እናትየው ወለሉን እያየች «ትንሽ» አለች። ልብሷ ብቻውን ክፍሉን ጭስ ጭስ አሽትቶት ነበር። ነርሷ አልተቆጣችም። መድኃኒቱን አሳየቻቸው፤ ከመድኃኒቱ የሚበልጠው ግን ቤቱ ነው አለች። ጭስ አይኑር፣ ሙቀት ደግሞ አይጥፋ። ይቺ ደረት ሌላ ብርድ አትችልም።

«ሁለቱም?» አለች እናትየው።

«ሁለቱም።»

እናትየው እንደ ተማሪ እሺ አለች። ወደ ቤት ሲመለሱ ሚጢጢን አዝላ ከፊት ትሄዳለች። ስንጥር ከኋላ ሆና የእናቷን ተረከዝ ታያለች። እንዲህ ዓይነት እሺ ከዚህ በፊት ሰምታለች፤ ሐኪሙ «ወደ ቤት ውሰዱት» ያለ ቀን።

በማግስቱ ሰማዩ ገና እየነጣ ሳለ ስንጥር ነቃች። እናቷ ሚጢጢን ታቅፋ፣ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ተቀምጣ እንቅልፍ ወስዷታል። ምድጃው በርዶ ነበር። ስንጥር ጓሮ ወጣች። ነፋስ ሌሊቱን የሸራውን አንድ ጫፍ ገንጥሎት ኖሮ ይርገበገባል። ልታስረው ጎንበስ ስትል ከክምሩ ሥር መሬቱ ላይ ነጣ ያለ ነገር አየች።

ውርጭ መሰላት። በጣቷ ነካችው፤ አልቀዘቀዘም። ዱቄት ነው። የላመ፣ ደብዘዝ ያለ ቢጫ፣ በአባቷ ቅንድብ ላይ ታየው የነበረውን የሚመስል ዱቄት። ቀና ብላ ፍልጦቹን አየች። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጩ ክፍል ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያክሉ ቀዳዳዎች፣ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ ታችኛው ድርድር ላይ ደግሞ ብዙ። አንዱን ፍልጥ ስታራግፈው ከቀዳዳው ዱቄቱ እንደ ወንፊት ወረደ።

ሰው ካልሞቀው።

ቆመች። እጇ ላይ ያለውን ዱቄት ነፋሱ ወሰደው። አባቷ ሲታመም ያደረገችው ነገር የለም፤ ማድረግ የሚቻል ነገር አልነበረም። ባለጋሪው ሲዋሽ ዝም ብላለች። ሚጢጢ ስትስል ጀርባዋን ከማሸት ሌላ ማንም ምንም አላመጣም። እናቷ ይህንን ክምር በሸራ ሸፍና፣ ማንም እንዳይነካው ከልክላ፣ አባቷን ያቆየችው መስሏታል። ከሸራው ሥር ግን ድምፅ ሳያሰማ እየተበላ ነው።

ከዳር ጀመረች፣ ከላይ፣ እሱ እንደሚጀምረው። አንድ ፍልጥ አነሣች። ክብደቱ እጇን ወደ ታች ሳባት። ሁለተኛውን ስታነሣ ተጋጩ፤ ጓሮው በሙሉ እንደ ደወል ጮኸ።

ያንን ድምፅ በዚህ ቤት የማያውቀው የለም። ክረምት በመጣ ቁጥር ጠዋት ጠዋት የሚሰማ የእሱ ድምፅ ነበር። ስንጥር ክንዷ ላይ ፍልጥ ታቅፋ ዞር ስትል እናቷ በሩ ላይ ቆማለች። ባዶ እግሯን ናት። ፊቷ ለአንድ አፍታ ሌላ ሰው የጠበቀ ፊት ነበር፤ ከዚያ ያ ፊት ጠፋ።

ስንጥር ብዙ ልትል አስባ ነበር። ስለ ነርሷ፣ ስለ ሚጢጢ። የወጣላት ግን ይህ ብቻ ነው።

«ነቀዝ ገብቶበታል፣ እማዬ።»

እናቷ ቀረብ አለች። ከላይ ባለው ፍልጥ ላይ ጣቷን አሳለፈች፤ አንዱ ቀዳዳ ላይ ስትደርስ ቆመች። ዱቄቱን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል ፈተገችው።

«ሰነፍክ እለው ነበር» አለች። «መጥረቢያውን ተደግፎ ሲቆም። በዚያ መስኮት ሆኜ ሰነፍክ፣ ሸመገልክ እያልኩ እስቅበት ነበር።»

ስንጥር ይህንን አታውቅም ነበር። ፍልጡን ደረቷ ላይ አስጠግታ ቆመች። ከውስጥ ሚጢጢ መሳል ጀመረች። ሳሉ ቀጠለ፣ ቀጠለ፣ ማቆሚያው ጠፋ። እናትየው እሺ አላለችም። አይሆንምም አላለችም። ከበሩ ላይ ዞር ብቻ አለችላት።

ወይራ ለመያያዝ ይለግማል። ስንጥር ቅርፊቱን ልጣ፣ ከአንዱ ፍልጥ ቀጫጭን ስንጥሮች በቢላ ሰነጠቀችና እንደ ጎጆ አቆመቻቸው። ክብሪት ጫረች። አልነፋችም፤ ጠበቀች። ነበልባሉ ከስንጥሮቹ ወደ ትልቁ እንጨት ተሻገረና ጎኑን ይዞ ቀረ። ጭስ አልነበረም። ብረቱ ሲሞቅ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ፤ እሱም የረሱት ድምፅ ነበር።

እናትየው ጀርባዋን ለምድጃው ሰጥታ ግድግዳውን እያየች ተቀመጠች። ትከሻዋ አንድ ሁለቴ ተነቃነቀ። ስንጥር ሌላ ፍልጥ ጨመረች። እሳቱ ሲበረታ ፊቷን ሳታዞር እናቷ ተናገረች።

«የታችኛውን በር ጠበብ አድርጊው። ወይራ ሲያጣድፉት አይወድም።»

ስንጥር ጠበብ አደረገችው። ሚጢጢ ብርድ ልብሷን በእግሯ ገፋችው። ሳሉ አልተዋትም፤ በሳልና በሳል መሃል ግን መተንፈሻ ሰጣት፣ ቀትር ላይም ውሃ ጠየቀች።

ቅዳሜ ስንጥር የባለጋሪውን እርጥብ እንጨት ወደ ጓሮ ታመላልስ ጀመር። ማንም አላዘዛትም። አባቷ የደረደረበት መደብ ላይ ሳይሆን ከባዶዎቹ በአንደኛው ላይ፣ ከርሞ ለሚመጣው ክረምት፣ ቅርፊቱን ወደ ላይ አድርጋ ትደረድራለች። የእሱ ድርድር በየቀኑ ከዳር እየጎደለ ነው። ክረምቱን ያሻግራቸው ይሆናል፤ ከዚያ ይጨረሳል። ይህን ላለማሰብ ፈጠን ፈጠን አለች።

ትንሽ ቆይታ እናቷ ወጣችና ከሌላው ጫፍ ማቀበል ያዘች። እናትየዋ አንዳንዱን ገልብጣ ታስቀምጠዋለች፤ ስንጥር ሳትናገር እያዞረች ታስተካክለዋለች።

የጓሮው መሃል ላይ ያ ግንድ ብቻ ቀረ። ሽብልቁ ዝጎ ቀይ ሆኗል። እናትየው ቆማ አየችው። ከዚያ ከግድግዳው ሥር መዶሻውን አነሣችና መታችው። እንደገና መታችው። ሦስተኛውን ስትመታ ከጉሮሮዋ ድምፅ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ የመታችው አይቆጠርም። ብረቱ አልተነቃነቀም። ሚጢጢ በመስኮቱ መስታወት ላይ አፍንጫዋን ለጥፋ ታያለች። መዶሻው ከእጇ ሲወድቅ እናትየው ጎንበስ ብላ ግንዱ ላይ ተቀመጠች፣ እሱ በተቀመጠበት በኩል፣ ትንፋሿ እስኪመለስ።

ስንጥር መዶሻውን አንሥታ ከግድግዳው ሥር መለሰችው።

«ብረቱስ?» አለች እናቷ።

«ይቆይ።»

ሁለቱ በአንድ በኩል ሆነው ግንዱን ገፉት። ከበደ፣ ተንገዳገደ፣ ከዚያ ጭቃው ላይ እየተንከባለለ እስከ ቆርቆሮው ሥር ደረሰ። ስንጥር ሽብልቁ ወደ ላይ እንዲሆን አዞረችውና ከእርጥቡ እንጨት አጠገብ አስጠጋችው። ከዚያ ሸራውን ጎትታ ከነብረቱ አለበሰችው።